ነጃሺ፦ ተሸጦ የተመለሰው ንጉሥ



የነጃሺን ስም የማያውቅ ሐበሻ ሙስሊም የለም። ታሪኩን የምናውቀው ግን በግማሽ ነው። «ሶሃቦች ተሰደው ወደ ሀገራችን መጡ፣ ንጉሡም ተቀበላቸው» እንላለን፣ ደረታችንን እንነፋለን፣ በዚያው ያልቃል። ሰውየው እንዴት እንደዚያ ያለ ሰው ሊሆን እንደቻለና እንግዶቹን መጠበቁ ምን እንዳስከፈለው ብዙም አይወራም። ዛሬ እሱን እናውራ።

ከልጅነቱ እንጀምር። ኢብኑ ኢስሃቅ በሲራው ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የደረሰውን ዘግቧል። ስሙ አስሐማ ነበር። አባቱ ንጉሥ ሲሆን ከእሱ ሌላ ልጅ አልነበረውም። አጎቱ ግን 12 ወንዶች ልጆች ነበሩት። መኳንንቱ መከሩና ዙፋኑ ብዙ ዘር ወዳለው ቤት ቢዞር ይሻላል አሉ። አባቱን ገደሉ፣ አጎቱን አነገሡ። አስሐማ በአጎቱ ቤት አደገ። አስተዋይ ልጅ ስለነበር አጎቱ ያለ እሱ ምክር የማይንቀሳቀስ ሆነ። ይሄኔ ገዳዮቹ ፈሩ፤ ይህ ልጅ የነገሠ ቀን የአባቱን ደም ከእጃችን ይፈልገዋል አሉ። አጎቱን ግደለው ቢሉት እምቢ አለ፣ ከሀገር ለማስወጣት ግን ተስማማ። ገበያ አውጥተው ለአንድ ነጋዴ በ600 ድርሃም ሸጡት፤ ነጋዴውም በመርከብ አሳፍሮ ይዞት ሄደ።

በዚያው ቀን ማታ አጎቱን መብረቅ መታው። ልጆቹም ለመንግሥት የሚበቁ ሆነው አልተገኙም። አገሩ ሲናጋባቸው የሸጡትን ልጅ ፍለጋ ሮጡ፣ ነጋዴው ላይ ደርሰው ከእጁ ነጥቀው አመጡትና ዘውድ ደፉለት። ነጋዴው ኋላ ገንዘቤን ብሎ ቢመጣ የሚሰማው አጣ። ንጉሡ ፊት ቀርቦ ነገሩን አስረዳ። ንጉሡም ወይ ገንዘቡን መልሱለት፣ ወይ የገዛው ባሪያ እጁን ሰጥቶ ይከተለዋል ብሎ ፈረደ። ባሪያው ማን እንደሆነ ልብ በሉ፤ ራሱ ንጉሡ ነው! የሥልጣኑ የመጀመሪያ ፍርድ በራሱ ላይ የተፈረደ ፍርድ ነበር።

መካ ውስጥ የቁረይሾች ግፍ በበረታ ጊዜ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሶሃቦቻቸውን ወደ ሐበሻ ምድር እንዲሰደዱ ያዘዟቸው እዚያ ማንም የማይበደልበት ንጉሥ መኖሩን በመንገር ነበር። ዘመኑ 615 እ.ኤ.አ. ነው። በመጀመሪያው ጉዞ ዑስማን ኢብኑ ዐፋንና ባለቤታቸው የረሱል ልጅ ሩቅያ ነበሩበት። በሁለተኛው ከ80 በላይ ወንዶች፣ ሴቶችና ልጆችም ጭምር ባሕሩን ተሻገሩ።

ቁረይሾችም ዝም አላሉም። ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን እጅ መንሻ አስይዘው ላኩ። በሐበሻ ዘንድ ከመካ ዕቃ ሁሉ የሚወደደው ቆዳ ስለነበር ብዙ ቆዳ ሰበሰቡ። መልእክተኞቹ መጀመሪያ የሄዱት ንጉሡ ዘንድ አልነበረም። በእያንዳንዱ ሹምና ጳጳስ ቤት እየዞሩ ስጦታውን አደሉና ንጉሡ ሰዎቹን ሳያነጋግር አሳልፎ እንዲሰጠን ምከሩልን አሉ። የፈሩት ስደተኞቹ የመናገር ዕድል እንዳያገኙ ነው።

ሹማምንቱ እንደተባሉት መከሩ። ነጃሺ ግን ተቆጣ። በእኔ ላይ ተማምነው አገሬ የገቡ ሰዎችን ጠርቼ ሳልጠይቃቸው አልሰጥም አለ። ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነትም ሆነ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1969 እ.ኤ.አ. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ያጸደቀው ስምምነት ስደተኛን ለሚያሳድደው አካል አሳልፎ መስጠትን ይከለክላሉ። አስሐማ ይህን የፈጸመው ማንም ሳያስፈርመው ነው፤ ያውም ከሺህ ዓመታት በፊት።

ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ቀርበው ተናገሩ፤ ከሱረቱ መርየም መጀመሪያ ቀሩ። ንጉሡ ጺሙ እስኪርስ አለቀሰ። በማግስቱ ዐምር የዒሳን (ዐ.ሰ) ጉዳይ አንስቶ ሊያጣላቸው ሞከረ። ጀዕፈር ሳይሸሽጉ እምነታቸውን ተናገሩ። ንጉሡ ከመሬት አንዲት እንጨት አንስቶ በመካከላችን ያለው ልዩነት ይህን አያክልም አለ፤ በዙሪያው ያሉት አጉረመረሙ። እኛ የከተማችን ስም መካነ ኢየሱስ የሆነ ሙስሊሞች ይህችን ቦታ ስንቀራ ለየት ያለ ስሜት ቢሰማን አይፈረድብንም።

ከዚያ ያለው ነገር አለ። ከእናንተ አንዱን ሰው አስቸግሬ የወርቅ «ደብር» ባገኝ አልወድም ማለቱን አረቦቹ መዝግበዋል፤ ደብር በሐበሻ ቋንቋ ተራራ ማለት ነው ብለውም ፈተውታል። ጎረቤታችን ደብረ ታቦር የተሸከመችው ያንኑ ቃል ነው። እጅ መንሻውን መልሱላቸው ብሎ አዘዘ፤ ምክንያቱንም ተናገረ፦ አላህ መንግሥቴን ሲመልስልኝ ጉቦ አልተቀበለኝም፣ እኔስ ለምን እቀበላለሁ። በ600 ድርሃም የተሸጠው ልጅ እዚህ ጋ ነው የተናገረው። የተሳደደ ሰው ምን እንደሚሰማው ከኪታብ አልተማረውም፣ አልፎበታል።

ዋጋውም ነበረበት። ሕዝቡ ሃይማኖታችንን ተውክ ብሎ እንደተነሣበት በአንድ ዘገባ ተመዝግቧል። ነጃሺ ወደ ጦርነቱ ከመሄዱ በፊት ለእነ ጀዕፈር መርከቦች አዘጋጀ። ተሳፈሩና ጠብቁ፣ ከተሸነፍኩ ወደምትፈልጉበት ሂዱ፣ ካሸነፍኩ ቆዩ አላቸው። ወንድሜ፣ ዙፋኑ ሊወሰድ፣ ነፍሱ ልትጠፋ የደረሰ መሪ በዚያች ሰዓት የእንግዶቹን ማምለጫ ያሰናዳል! ለኔ ከታሪኩ ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው፤ ደርስ ላይ ግን እምብዛም አይነሣም።

እናታችን ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ) ባሏ ሞቶባት በሰው አገር ብቻዋን በቀረች ጊዜም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በእሱ በኩል አገቧት፤ 400 ዲናር መህሩን ከራሱ ገንዘብ ከፈለ።

ስደተኞቹ እስከ 7ኛው ዓመተ ሂጅራ ድረስ የቆዩ አሉ። ከጀዕፈርና ከአስማእ ቢንት ዑመይስ እዚህ ምድር ላይ ልጆች ተወለዱ። ዛሬ ያንኑ ቀይ ባሕር በተቃራኒው የሚሻገሩት የኛ ሰፈር ልጆች ናቸው፤ በየቤቱ ስልክ የሚጠብቅ እናት አለ። ወደ እኛ የሚሰደድም አለ። በ2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሺህ ሰው በመተማ በኩል ወደ ክልላችን ገባ። በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ከሰፈሩት ውስጥ ዝርፊያና ጥቃት አላስቀምጥ ብሏቸው መጠለያውን ጥለው ጫካ ዳር እስከመስፈር የደረሱ ነበሩ። የነጃሺ አገር ላይ! በስሙ ስንኩራራ ይህንም አብረን እናስታውስ። ከገጠር ተፈናቅሎ ከተማችን የገባውን ቤተሰብ ኪራይ የምንጨምርበት ሰዎች ካለንም፣ እጅ መንሻ ተቀብለው ከመከሩት ሹማምንት ወገን ነን።

አስሐማ በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ አረፈ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በሞተበት ዕለት መሞቱን ለሶሃቦች ነገሩ፣ አሰልፈውም በ4 ተክቢራ ሰላተል ጋኢብ ሰገዱበት። ከሰገዱት አብዛኞቹ ፊቱን አይተውት አያውቁም። ጀዕፈር ከእሱ ቀድመው በሙእታ ዘመቻ ሸሂድ ሆነዋል። መዲና ውስጥ ግን በአገሩ የኖሩ ነበሩ፦ ኡሙ ሐቢባ፣ አስማእና ልጆቿ፣ እናታችን ኡሙ ሰለማም። ኡሙ ሰለማ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራለች። የቆዳውን እጅ መንሻ፣ የንጉሡን ቁጣ፣ የረጠበውን ጺም፣ የወርቁን ደብር ዛሬ የምናውቀው እሷ ስለተናገረችው ነው። በመልካም ጎረቤት ዘንድ በሰላም እንደኖሩ የመሰከረችለት ስደተኛ።