ስለ «ቁልፍ» እና ስለ «ማኅተም»፤ ከግምጃ ቤት እስከ ፈርምዌር

በአዊ ዞን የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ ዋና ከተማ ግምጃ ቤት ይባላል። ስሙ ከነባር የአስተዳደር ቃሎቻችን አንዱ ነው። ግምጃ የከበረ የሐር ልብስ ሲሆን፣ ግምጃ ቤት እንዲህ ያለው ዕቃ የሚቀመጥበት፣ በሰፊው ትርጉሙም የመንግሥት ሀብት የሚጠበቅበት ቤት ነው። ቃሉን እዚህ ያነሣነው ስለ ጥበቃ የሚናገረው ነገር ለዛሬው የስያሜ ሥራችን ስለሚጠቅም ነው።

በቤተ መንግሥት ጥበቃው በሁለት እጅ ነበር። ግምጃ ቤቱን በጅሮንዱ፣ ማኅተሙን ጸሐፌ ትእዛዙ ይይዙ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ በጅሮንድ ሙሉጌታ የገንዘብ፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጽሕፈት ሚኒስትር መሆናቸው ይህንኑ ልማድ ያመለክታል። ቁልፍ ይዘጋል፤ ማኅተም ይመሰክራል። የማኅተሙን ቅርጽ ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ የሚያትመው ግን ባለ አደራው ብቻ ነው።

ይህ ልዩነት በኮምፒውተር ቃላት ዘንድ ተዘንግቷል። ፈርምዌር የሚለውን ቃል አሸር ኦፕለር በ1967 እ.ኤ.አ. ያወጣው በሃርድዌርና በሶፍትዌር መካከል ላለው ክፍል ነው። ዛሬ በመሣሪያዎች ውስጥ በሚገጠሙ ትናንሽ ሰሌዳዎች ላይ ሊነክስ ከመነሣቱ በፊት የሚሠራው ፕሮግራም በዚሁ ስም ይጠራል። ጥበቃው እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነው፤ በቺፑ ውስጥ ያለው የማይለወጥ ኮድ የቀጣዩን ክፍል ፊርማ መርምሮ ያሳልፋል፤ ያም ተከታዩን፤ በመጨረሻም የሊነክስ ከርነል ይመረመራል። ለዚህም ሠሪው ሁለት ነገሮችን ያዘጋጃል፤ አንደኛው በምስጢር ተይዞ ፊርማውን የሚያኖር፣ ሁለተኛው ለሁሉ የሚገለጥና ማረጋገጫው በቺፑ ውስጥ በማይፋቅ አኳኋን የሚቀረጽ ነው። በእንግሊዝኛ ሁለቱም «ኪይ» ስለሚባሉ እኛም ሁለቱን «ቁልፍ» ስንል ቆይተናል።

ጉዳቱ ከቃል ያልፋል። ትረስትድ ፈርምዌርን የመሰሉ ምንጫቸው ክፍት የሆነ ሥራዎች፣ ለሙከራ የሚያገለግል ምስጢራዊ ቁልፍ ከኮዱ ጋር ያቀርባሉ፤ ስለዚህ በማንም እጅ ይገባል። «ቁልፍ ገብቷል» የተባለ ጀማሪ ባለሙያ ሰሌዳው የተዘጋ መስሎት፣ የሙከራውን ሳይለውጥ ሊያስረክብ ይችላል። ያን ጊዜ ማንም የራሱን ፈርምዌር ፈርሞ ቢያስገባ ቺፑ እንደ ባለቤቱ አምኖ ይቀበለዋል። «በማን ማኅተም ታተመ? ማኅተሙስ በማን እጅ ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ግን አደጋው ወዲያው ይገለጥለታል።

የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1989 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ የተፈጠሩ እንዲህ ያሉ ጽንሰ ሐሳቦች ብዙ ናቸው። በበኩላችን ፈርምዌር የሚለው እንዳለ እንዲቆይ፣ ለፊርማ የሚያገለግለው ምስጢራዊ ክፍል «ማኅተም»፣ የተገለጠው «የማኅተም መለያ»፣ ምርመራው «ማኅተም ማረጋገጥ» እንዲባል፣ «ቁልፍ» ግን መረጃን ለሚሰውረው ሥራ ብቻ እንዲወሰን እናቀርባለን። በቺፑ ውስጥ አንዴ የተቀረጸ አይታረምም፤ ስያሜው ግን ገና በእጃችን ነውና፣ ሰሌዳ የሚሠሩ ባለሙያዎች አስተያየታቸውን እንዲልኩልን እንጠይቃለን።