ጀርባውን ለወንዝ የሰጠ ከተማ

«ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ይላል ያገሬ ሰው። የለንደንን የቴምዝ ወንዝ ዳርቻ ታሪክ ባገላበጥኩ ቁጥር ይህ ተረት ከአእምሮዬ አይጠፋም። ቴምዝ የዓለምን ሸቀጥ ተሸክሞ ሲመላለስ ኖሯል። ሸቀጡን በጫንቃው ያወረደውና በየፋብሪካው ሲማስን የኖረው ሠራተኛ ግን በዚያው ዳርቻ ማደሪያ ከማጣት የተረፈው ለጥቂት ነው። እንዴት እንደተረፈ የአንድን ሕንፃ ታሪክ ይዤ ላውጋችሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።

እኔ ያደግሁት ቀበና ወንዝ አጠገብ ነው። ቤታችን እንደ ጎረቤቶቻችን ቤት ሁሉ ፊቱን ለመንገድ፣ ጀርባውን ለወንዝ የሰጠ ነበር። ማድ ቤቱም፣ መጸዳጃውም፣ የሚደፋው ጥራጊም ወደ ወንዙ ነው። ለንደን ሄጄ በቴምዝ ደቡባዊ ዳርቻ ሕዝቡ ከልጅ እስከ አዋቂ ወንዙን እያየ ሲንሸራሸር ስመለከት፣ «እነዚህ ሰዎች ድሮውንም ወንዛቸውን ያከብሩ ነበር ማለት ነው» ብዬ ደመደምኩ። ተሳስቼ ነበር።

ያ ዳርቻ ለረጅም ዘመን በመጋዘን፣ በማተሚያ ቤት፣ በቢራ ፋብሪካና በጭነት ማራገፊያ የታጠረ ነበር። ወንዙ የሚታየው ለክሬን ነጂው እንጂ ለመንገደኛው አልነበረም። ቆሻሻውም ቢሆን ከእኛ ወንዞች የሚያንስ አልነበረም፤ በ1957 ቴምዝ ሕይወት አልባ ወንዝ ሆኗል እስከመባል ደርሶ ነበር። ከዚያ መርከቦቹ ገዘፉ፣ ኮንቴይነር መጣ፣ ጭነቱም ወደ ባሕሩ ተጠግቶ ወደ ቲልበሪ ወረደ። ከ1967 እስከ 1981 ባለው ጊዜ የለንደን አሮጌ ወደቦች ተራ በተራ ተዘጉ። ሥራው ሲሄድ ሰውም ተከተለ። በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ 50 ሺህ ያህል ሰው ይኖርበት የነበረው ይህ የደቡብ ዳርቻ ሠፈር በ1970ዎቹ መጀመሪያ የቀሩት ነዋሪዎች 4 ሺህ ገደማ ብቻ ነበሩ።

የማወጋችሁ ሕንፃ ኦክሶ ታወር ዋርፍ ይባላል። መጀመሪያ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ለፖስታ መሥሪያ ቤት ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። በ1920ዎቹ የሥጋ መረቅ ጨምቆ ኦክሶ በሚል ስም ለሾርባ ማጣፈጫ የሚሸጥ ኩባንያ ገዛውና አልበርት ሙር በተባለ አርክቴክት ንድፍ የሥጋ ማቀዝቀዣ መጋዘን አድርጎ አስፋፋው። ኩባንያው በማማው ላይ ስሙን በመብራት ለማስተዋወቅ ፈልጎ ፈቃድ ተከለከለ። አርክቴክቱ ታዲያ ምን አደረገ? በማማው አራቱም ጎን ከላይ ወደ ታች ሦስት ሦስት መስኮት አወጣ፤ አንዱ ክብ፣ አንዱ መስቀለኛ፣ አንዱ ክብ። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲነበብ «ኦክሶ» ይላል! ማስታወቂያ አይደለም፣ መስኮት ነው፤ ሕግ መስኮትን አይከለክልም። የእኛ ሰው ቅኔ ዘረፈ የሚለው ዓይነት ነገር ነው። ሕንፃው በዚህ መልክ እየተሠራ ሳለ፣ በጥር 1928 ቴምዝ ሞልቶ ለንደን ውስጥ 14 ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል። ወንዝ ዳር የሚሠራ ሰው ወንዙን ማወቅ እንዳለበት የሚያስታውስ ዓመት ነበር።

ሥጋው በወንዝ መምጣቱን ሲተው ሕንፃው ወና ቀረ። በ1970ዎቹ ይፍረስ የሚሉ ሐሳቦች መጡ። ዳርቻው ከከተማው እምብርት አጠገብ ነውና ሕንፃ ሠርተው የሚነግዱ ኩባንያዎች ዓይናቸውን ጣሉበት። ግሬይኮት የተባለው ኩባንያ በታዋቂው አርክቴክት በሪቻርድ ሮጀርስ ንድፍ ከዋተርሉ አቅጣጫ እስከ ወንዙ የሚዘረጋ ግዙፍ የቢሮ ሕንፃ ሰንሰለት ለመሥራት አቀደ። ነዋሪዎቹ «የበርሊን ግንብ» ሲሉ ስም አወጡለት። ከ1977 ጀምሮ ተደራጅተው በተቃውሞ ብቻ ሳይወሰኑ፣ መኖሪያ ቤት፣ መናፈሻ፣ አነስተኛ ሱቅና ዎርክሾፕ ያለበት የራሳቸውን ፕላን ይዘው ቀረቡ። ሁለት ጊዜ ሕዝባዊ ምርመራ ተካሄደ። በመጨረሻ መንግሥት የሰጠው ውሳኔ የሚገርም ነው፤ ለሁለቱም ፕላኖች ፈቀደ! የመሬቱ ግማሽ የታላቋ ለንደን ምክር ቤት፣ ግማሹ የኩባንያው ነበርና አንዱ ያለ ሌላው መንቀሳቀስ አልቻለም። በ1984 ኩባንያው ድርሻውን ለምክር ቤቱ ሸጦ ወጣ። ምክር ቤቱም 13 ኤከር ያህሉን መሬት ነዋሪዎቹ ላቋቋሙት ኮይን ስትሪት ለተባለው ድርጅት በ1 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠለት። ዋጋው ዝቅ ያለው መሬቱ ከተወሰነለት አገልግሎት ውጪ እንዳይውል በውል ስለታሰረ ነው። ምክር ቤቱ ራሱ በ1986 ፈረሰ። ሁለት ዓመት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ሻጭም አይገኝ ነበር።

የሕንፃው እድሳት በሊፍሹትዝ ዴቪድሰን ንድፍ ተከናውኖ በ1996 ተከፈተ። መጋዘንን መኖሪያ ማድረግ ቀላል አይምሰላችሁ። መጋዘን ሆዱ ሰፊ ነው፤ መሃሉ ብርሃንና ነፋስ አያገኝም። ዕቃ ደግሞ ጸጥታ አይፈልግም፤ እናት ግን ልጇን ታስተኛለች። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ማን ከማን በላይ ይቀመጥ የሚለው ነበር። ከታች መንገደኛ የሚገባባቸው የዕደ ጥበብ ሱቆችና ዎርክሾፖች፣ በላያቸው በአምስት ፎቅ 78 መኖሪያ ቤቶች፣ ጫፉ ላይ በስምንተኛው ፎቅ ውድ ምግብ ቤትና ከጎኑ ማንም ሳይከፍል ወጥቶ ከተማውን የሚያይበት ሰገነት ሆነ። ከላይ የሚበላው ባለጸጋ የሚከፍለው ኪራይ ድርጅቱን ይደግፋል። መኖሪያዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር ናቸው። ነዋሪው በአቅሙ ይከራያል፣ ቤቱን በጋራ ያስተዳድራል፣ ለግሉ ግን ሊሸጠው አይችልም። እንደ እኔ አስተያየት የንድፉ ትልቁ ጥበብ ያለው በዚህች «አይሸጥም» በምትለው አንቀጽ ላይ ነው። የኦክሶ መስኮት ዓይን ይስባል፤ ሰው በቦታው ያቆየችው ግን ይህች አንቀጽ ናት።

ነገሩን ግን ገነት አድርጌ ላቅርበው አልፈልግም። ዳርቻው ባማረ ቁጥር በዙሪያው ያለው መሬት ተወደደ። በ2018 የተጠናቀቀው ባለ 50 ፎቁ የቅንጦት መኖሪያ ዋን ብላክፍራየርስ የቆመው ከኦክሶ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ነው። ማኅበሩ ያዳነው የራሱን 13 ኤከር እንጂ ሠፈሩን ሁሉ አይደለም።

አዲስ አበባም በ2019 ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የወንዝ ዳር ልማት ጀምራለች። ወንዞቻችን ከጀርባ ወደ ፊት መዞራቸው ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ቀበና ዳር ያደገ ሰው ይህን አይቃወምም። ነገር ግን የቆዳ ፋብሪካውና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሽታ እያፈኑት፣ ጎርፉ በየክረምቱ እየገባበት በዚያ ዳርቻ የኖረ ሰው አለ። ወንዙ በሸተተ ጊዜ ጎረቤቱ እሱ ነበር። እንግዲህ የአዲስ ሕንፃ ንድፍ በየአደባባዩ ተሰቅሎ ስናይ፣ ፎቁን ከመቁጠራችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ፤ ይህ ሰው ስንተኛው ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው?