የአየር ሞገድ ተቆጣጣሪዎች ምን ይማራሉ?

የኤፍኤም ሬዲዮ መደብ 108 ሜጋኸርዝ ላይ ሲያበቃ የአቪዬሽኑ እዚያው ይጀምራል። አንድ የተበላሸ የኤፍኤም ማሰራጫ የፓይለትን ግንኙነት ሊረብሽ ይችላል ማለት ነው።

ይህን መከታተል የቴሌኮም ተቆጣጣሪዎች ሥራ ነው። እኛ አገር በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ።

ባለሙያዎቹ ምን ይሠለጥናሉ?

📌 መለካት፦ በስፔክትረም አናላይዘር ማን በየትኛው ፍሪኩዌንሲ፣ በምን ያህል ጉልበት እንደሚያሰራጭ አይተው ከፈቃዱ ጋር ያመሳክራሉ።

📌 ማፈላለግ፦ አንድ የአቅጣጫ አንቴና ሞገዱ በየት በኩል እንደመጣ ብቻ ነው የሚያሳየው። ከሁለት ቦታ ተለክቶ መስመሮቹ ሲገናኙ ግን ምንጩ ያለበት ሰፈር ይታወቃል። ከዚያ በመኪናና በእጅ መሣሪያ እስከ ጣሪያው ድረስ ነው።

📌 መመዝገብ፦ ቀን፣ ሰዓትና ልኬት ካልተያዘ ማስረጃ የለም።

እኛን ምን አገባን? «ኔትወርክ ይጨምራል» ተብሎ ያለፈቃድ የሚሰቀል ማጉያ የጎረቤትን ስልክ ሊያቋርጥ ይችላል። ከመግዛታችን በፊት መፈቀዱን እንጠይቅ!