የመሥሪያ ቤት ምሥጢር በቤት ሲያድር

የመንግሥት ምሥጢር እንዴት ይባክናል ተብሎ ቢጠየቅ፥ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ሰላይን ወይም ከሐዲን ነው። ነገር ግን በጃፓን አገር የሆነውን ስንመረምር፥ ምሥጢር በትጉህ ሠራተኛም እጅ ሊወጣ እንደሚችል እንረዳለን።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. ኢሳሙ ካኔኮ የተባሉ የኮምፒዩተር ሊቅ ዊኒ የሚባል ፕሮግራም አወጡ። ይህ ፕሮግራም ፋይሎችን በአንድ ማዕከል አያከማችም፤ የተጠቃሚዎቹን ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው ያገናኛል እንጂ። አንዱ የያዘውን ሌላው ይወስዳል፤ የወሰደውም በተራው ለሌላው ያቀብላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተበተነውን ነገር መልሶ ለመሰብሰብ አይቻልም።

በ2003 ዓ.ም. አንቲኒ የሚባል ቫይረስ ተነሣ። ከዝርያዎቹም አንዳንዶቹ የሚያጓጓ ስም ለብሰው እየገቡ፥ በኮምፒዩተሩ ያገኙትን ጽሑፍ ባለቤቱ ሳያውቅ በዊኒ በኩል ለሁሉ ያቀርቡት ነበር። በ2004 ዓ.ም. የኪዮቶ ፖሊስ የምርመራ ጽሑፎች በዚህ መንገድ ወጡ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ አሳዩኪ የተባለችው የጦር መርከብ ምሥጢር ከአንድ ባልደረባዋ የግል ኮምፒዩተር ወጥቶ ተበተነ። በዚያው ዓመት በማርች ወር፥ በጊዜው የካቢኔ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ሺንዞ አቤ፥ ሕዝቡ ዊኒን እንዳይጠቀም በይፋ አሳሰቡ።

ካኔኮም በ2004 ዓ.ም. ተይዘው ነበር፤ የተከሰሱት ግን የደራሲያንን መብት ለሚጥሱ ሰዎች ረድተዋል ተብለው ነው። በ2006 ዓ.ም. የገንዘብ ቅጣት ቢፈረድባቸውም፥ በ2009 ዓ.ም. የይግባኙ ፍርድ ቤት ነፃ አወጣቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2011 ዓ.ም. ይህንኑ አጸናው።

እንግዲህ የምሥጢሩ መባከን ጥፋት የማን ነው? መሣሪያውን ብቻ መውቀስ እውነተኛ ፍርድ አይመስለንም። ብዙዎቹ ሠራተኞች የመንግሥትን ሥራ በግል ኮምፒዩተራቸው ይሠሩ የነበረው፥ መሥሪያ ቤቱ በቂ ኮምፒዩተር ስላልሰጣቸው ነው። የመከላከያው መሥሪያ ቤት ከ50 ሺህ በላይ ኮምፒዩተሮች ለመግዛት የተነሣው ምሥጢሩ ከወጣ በኋላ ነበር።

አባቶቻችን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ያሉት ለንግግር ነበር፤ ዛሬ ለጽሑፍም ይሠራል። ሠራተኛው በቤቱ ኮምፒዩተር ላይ የሕዝብን ጉዳይ ከማሳደር ይጠንቀቅ፤ አለቃውም ሠራተኛውን ከመውቀሱ በፊት የሚሠራበትን መሣሪያ ሰጥቶት እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ።