የድድ መድማት፦ ጥርስ የሚረግፈው በእርጅና ነውን?

በጎብዬም ሆነ በቆቦ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ጥርሳቸው ሲነቃነቅ «እርጅና ነው» ብለው ያልፉታል። ብዙ ጊዜ ግን ጥርሱ ራሱ ምንም አልሆነም፤ የጎደለው የተተከለበት አጥንት ነው። ምክንያቱም የድድ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከባድ የድድ በሽታ ያለባቸው ሰዎች በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን ይበልጣሉ። በሽታው አጥንት ድረስ እንዴት እንደሚደርስና የት ላይ ሊቆም እንደሚችል እንመልከት።

አጀማመሩ

ጥርስና ድድ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ባክቴሪያዎች ተጣብቀው ስስ ሽፋን ይሠራሉ። ሽፋኑ በየቀኑ ካልተጠረገ ከምራቅ በሚያገኘው ማዕድን እየጠነከረ የጥርስ ድንጋይ ይሆናል። ድዱም ይቆጣል፤ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ሲነካ ይደማል። በዚህ ደረጃ አጥንቱ ገና አልተነካም። ሽፋኑ ከተወገደ ድዱ ወደ ጤናው ይመለሳል።

አጥንቱን የሚያፈርሰው ማን ነው?

ሽፋኑ ከቆየ ድዱ ከጥርሱ ይላቀቅና ኪስ ይፈጠራል። አየር በማይገባው ኪስ ውስጥ እንደ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ ያሉ ባክቴሪያዎች ይራባሉ። ይህ ባክቴሪያ ፕሮቲን በሚቆራርጡ ኢንዛይሞቹ የሰውነትን መከላከያ ያዛባል። ሰውነትም ነጭ የደም ሕዋሳትን በብዛት ይልካል፤ ኢንተርሊዩኪን-1ን የመሳሰሉ ብግነት የሚያባብሱ ንጥረ ነገሮችም ይመነጫሉ። እነዚህ ደግሞ ኦስቲኦክላስት የተባሉትን አጥንት የሚያሟሙ ሕዋሳት ይቀሰቅሳሉ። እንግዲህ አጥንቱን በዋናነት የሚያፈርሰው ባክቴሪያው ራሱ ሳይሆን እርሱን ለማጥፋት የተነሳው የራሳችን መከላከያ ነው።

ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ ያለ ሕመም ስለሚካሄድ ሰው የሚነቃው ጥርሱ ሲነቃነቅ ነው። የጠፋው አጥንት ደግሞ በራሱ ተመልሶ አይተካም።

የሚያባብሱትና የሚደብቁት

የስኳር በሽታ የድዱን ብግነት ያባብሳል፤ የድዱ ብግነትም በተራው ስኳሩን መቆጣጠር ያከብዳል። ሲጋራ ማጨስ በሽታውን እያባባሰ መድማቱን ስለሚቀንስ ምልክቱን ይደብቃል። በሀገራችን በተለያዩ አካባቢዎች ሴቶች ለውበት፣ አንዳንዴም «ድድ ያጠነክራል» በሚል ድዳቸውን ይነቀሳሉ። ንቅሳት ግን በሽታውን አያክምም፤ መቅላቱን ይሸፍነዋል እንጂ። ስለዚህ የተነቀሱ እናቶችና እህቶች ከቀለሙ ይልቅ መድማቱን፣ እብጠቱንና መጥፎ የአፍ ጠረንን ይከታተሉ።

ምን እናድርግ?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አጥብቀው የመከሩት ሲዋክ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ጫፉ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ሲለሰልስ ሽፋኑን ይጠርጋል። ብዙዎቻችን የፊት ጥርሶችን ብቻ ፍቀን እንተዋለን፤ በሽታው ግን በመንጋጋ ጥርሶችና በምላስ በኩል ባለው ጠርዝም ይደበቃል። ሲዋክም ሆነ ብሩሽ እዚያ ድረስ ይድረስ፤ ሆኖም በኃይል መፈግፈግ ድድን ያሸሻል።

ድዳችን ሲደማ መፋቁን መተው ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሽፋኑ እየወፈረ ይሄዳልና። በቀስታ እንቀጥል። የጠነከረውን ድንጋይ ግን መፋቂያም ብሩሽም አያነሳውም፤ የሚያነሳው የጥርስ ባለሙያ ነው። የጎብዬ ነዋሪ ወደ ወልድያ ወይም ወደ ቆቦ ለሌላ ጉዳይ ሲወጣ የጥርስ ሕክምና ያለበትን ጤና ተቋም ጠይቆ ቢታይ መልካም ነው። ጥርሱ እስኪነቃነቅ አንጠብቅ፤ ማስጠንቀቂያው ደሙ ነው።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን።