ድጓ ከብራና እስከ ስልክ፦ የጋይንት የዜማ መዝገብ ታሪክ

ከጉና ተራራ እስከ በሽሎና ዓባይ ሸለቆዎች የተዘረጋው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አገር በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስሙ የሚነሣው በዜማ ነው። ድጓ የተማረ በመምህር ፊት ተፈትኖ የሚያስመሰክረው ጋይንት ውስጥ ባለችው በቤተልሔም ነው፤ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረ ደግሞ በዚያው በጋይንት፣ በዙር አምባ። የአቋቋም ምስክር ጎንደር፣ የቅዳሴ ምስክር ሰላልኩላና ደብረ ዓባይ ሆነው ሲበታተኑ፣ እነዚህ ሁለቱ ግን በአንድ አገር ተጎራብተዋል። ስለዚህ አንድ ትልቅ የዜማ ሀብት በምን ላይ ተጽፎ እንደ ኖረ፣ አሮጌው መያዣ መቼና እንዴት ለአዲሱ ቦታ እንደ ለቀቀ ለማወቅ ከጋይንት የተሻለ መነሻ አይገኝም።

በሊቃውንቱ ትውፊት የዜማው አባት ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዐፄ ገብረ መስቀልና ከአቡነ አረጋዊ ጋር ወደ ዙር አምባ መጥቶ ተቀምጧል፤ ዝማሬንና መዋሥዕትን የደረሰውም እዚያ ነው ይባላል። ድጓ የዓመቱን በዓላትና ወቅቶች ተከትሎ የተደራጀ የመዝሙር መጽሐፍ ነው። ከመስከረም መባቻ የሚነሣው ክፍል የዮሐንስ፣ ቀጥሎ ያለው የአስተምሕሮ፣ ከትንሣኤ የሚጀምረው የፋሲካ ይባላል፤ የዐቢይ ጾሙ ክፍል ጾመ ድጓ ተብሎ ለብቻው ይጠረዛል። ዜማው ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉ የዜማ ስልቶች ይሄዳል። ተማሪው ንባቡን ከመጽሐፉ ያያል፤ ዜማውን የሚቀበለው ግን ከመምህሩ አፍ ነው፤ ትምህርቱም ዓመታት ይፈጃል።

የዜማው የመጀመሪያ መዝገብ የሰው ጉሮሮ ነበር። ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፊት የተጻፉት የዜማ መጻሕፍት ቃሉን ይዘዋል እንጂ የዜማ ምልክት የላቸውም። ዜማው ከየኔታ ወደ ደቀ መዝሙር፣ ከደቀ መዝሙርም ወደ ተከታዩ ትውልድ በጆሮ ብቻ ይሻገር ነበር። ይህ መያዣ ክብደት የለውም፤ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ ሲጓዝ እውቀቱም አብሮት ይጓዛል። ደካማ ጎኑ ደግሞ ሰውየው ሲሞት ያልተቀበለው ሰው ከሌለ ዜማው አብሮት መቀበሩ ነው።

ይህ ድካም በግልጽ የታየው ከ1529 እስከ 1543 እ.ኤ.አ. በዘለቀው የግራኝ አህመድ ጦርነት ጊዜ ነው። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ መጻሕፍት ጠፉ፣ ሊቃውንት አለቁ። ቤተልሔም የድጓ ምስክር የሆነችበትን ምክንያት የሚያስረዳው ትውፊትም የሚነሣው ከዚህ ጥፋት ነው፦ ድጓ ከየቦታው ጠፍቶ ሲፈለግ በቤተልሔም ተጠብቆ ተገኘ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ተገለበጠ፤ ስለዚህም የሚጠራጠር ሁሉ ወደዚያ ሄዶ ያስተያያል። ትውፊቱ የሚያስተምረው ነገር ቀላል ነው። አንድ መጽሐፍ ስለ ተረፈ ብቻ ዜማው አልዳነም፤ የዳነው ከዚያ አንድ መጽሐፍ ሌሎች ብዙ ስለ ተገለበጡ ነው።

ከጥፋቱ በኋላ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፣ ዜማው በጽሑፍ የሚያዝበት ሥርዓት ተደራጀ። ሊቃውንቱ ሥራውን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለሚባሉ ሁለት መምህራን ይሰጣሉ። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ የሚባሉት ስምንቱ ምልክቶች፣ ከእነርሱም ጋር ድርስና አንብር፣ ድምፁ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚሳብ፣ የት እንደሚርገበገብና የት እንደሚቆረጥ ያመለክታሉ። ከእነዚህ ሌላ በቃሉ ራስ ላይ በደቃቅ የሚጻፉ በመቶዎች የሚቆጠሩ የፊደል ምልክቶች አሉ። እያንዳንዱ ምልክት ተማሪው አስቀድሞ ከሚያውቀው ከአንድ ዜማ ውስጥ የተቆረጠ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ነው። ዓይን ፊደሉን ሲያይ ልብ ያንን የታወቀ ዜማ ያስታውሳል፤ ድምፁም ያንኑ መንገድ ይከተላል።

እንግዲህ ምልክቱ የማስታወሻ ጽሑፍ ነው። ላላወቀው አያስተምርም፤ ላወቀው ግን ያስታውሳል። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በጉሮሮ የኖረውን መዝገብ አላስቀሩትም፤ በጉሮሮው ላይ ጽሑፍ ጨመሩበት እንጂ። የድጓ ዜማ ቤተልሔም፣ ቆማና አጫብር እየተባለ በየቤቱ መለያየቱም ይህንኑ ያሳያል። ቆማ ስሙን ያገኘው ጋይንት ካለበት ከበጌምድር፣ ከቆማ ፋሲለደስ ነው። ቃሉና የምልክቱ ዓይነት አንድ ሆኖ ሳለ የየቤቱ ድምፅ የሚለያየው ምልክቱን የሚፈታው የየቤቱ መምህር ስለሆነ ነው።

ምልክቱ ያረፈበት ነገር ብራና ነው። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተነክሮ፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ጠጉሩና ሥጋው ተፍቆ፣ ደርቆና ለስልሶ ብራና ይሆናል። መስመሩ በወስፌ ይሰመራል፤ ጽሑፉ በመቃ ብርዕ ይጻፋል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይዘጋጃል፤ ቀዩ ለአርእስትና ለቅዱሳን ስም ይጠበቃል። ከተጻፈ በኋላ በእንጨት ገበታ መካከል ይጠረዛል፣ ቆዳ ይለብሳል፣ ማኅደር ተሰፍቶለት በግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል። ድጓን የመሰለ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ እንስሳትን ቆዳና የቁም ጸሐፊን ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ዋጋው ከባድ ነበር።

በዜማ ቤት ግን መጽሐፍ በገንዘብ የሚገዛ ነገር ብቻ አልነበረም። የድጓ ተማሪ ድጓውን ራሱ ይጽፍ ነበር። ቀን ከየኔታ የተቀበለውን ማታ በጎጆው ያዜማል፤ ቃሉን ከነምልክቱ ይገለብጣል፤ የገለበጠውንም በመምህሩ ፊት እያዜመ ያርማል። መጽሐፉ ሲያልቅ ትምህርቱም አብሮ ያልቃል። ይህ ልማድ ሁለት ጥቅም ነበረው። መጽሐፉ በየትውልዱ ስለሚታደስ የአንድ ቅጂ መበላሸት ጥፋት አይሆንም፤ በእጁ የጻፈውን ዜማ ደግሞ ሰው በቀላሉ አይረሳውም።

ቤተልሔም አዲሱን ከአሮጌው ጋር የማኖር ልማዷ በሕንፃዋም ይታያል። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ቶማስ ፓክንሃም በ1955 እ.ኤ.አ. ሲጎበኛት ከውጭ የሚታየው እንደ ገጠር ደብር ሁሉ ክብ፣ ሣር ክዳን የሆነ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከውስጡ ግን አራት ማዕዘን የሆነ፣ ከመካከለኛው ዘመን የቀረ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ አገኘ። የኋለኞቹ ሰዎች አሮጌውን አላፈረሱም፤ አዲሱን በዙሪያው ሠርተው ጋረዱት።

ሁሉን ነገር በአንድ ቦታ ማከማቸት የሚያመጣው አደጋ ደግሞ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ታየ። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከጎንደርና ከሌሎች ቦታዎች ብዙ መጻሕፍት ሰበሰቡ። በጥቅምት 1867 እ.ኤ.አ. ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሴባስቶፖል የሚባለውን መድፍ እያስጎተቱ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ ተጓዙ፤ መንገድ እየተጠረገ ጉዞው ስድስት ወር ያህል ወሰደ። በሚያዝያ 1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከተሰበሰቡት መጻሕፍት 350 ያህሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ሄዱ። ከየደብሩ ተነቅለው በአንድ አምባ የተከማቹት መጻሕፍት በአንድ ቀን ባለቤት ለወጡ። በየተማሪው አኮፋዳ የተበተነው ድጓ ግን እንዲህ ባለ አንድ ምት ሊወሰድ አይችልም ነበር።

ብራናው ለወረቀት ቦታ መልቀቅ የጀመረው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተቋቋመ በኋላ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት በኅትመት መውጣት ቀጠሉ፤ ከጊዜ በኋላም የዜማ መጻሕፍት ከነምልክታቸው ታተሙ። ለኅትመት የተመረጠው መንገድ ራሱ ትምህርት አለው። በግዕዝ የማተሚያ ፊደል ምልክቱን ከቃሉ በላይ በትክክል ማስፈር አስቸጋሪ ስለሆነ የቁም ጸሐፊ የእጅ ጽሑፍ ፎቶ ተነሥቶ እንዳለ ይታተም ነበር። መያዣው ወረቀት ሆነ፤ የጻፈው ግን ያው እጅ ነው።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መጣ። አድባራት በመሬታቸው ይደግፏቸው የነበሩ መምህራንና ጸሐፍት ዋና መተዳደሪያቸውን አጡ። ብራና የሚያዘጋጅ፣ የሚጽፍና የሚያስጽፍ ሰው እየቀነሰ ሄደ፤ የተማሪው እጅም ወደ ደብተርና ወደ እስክሪብቶ ዞረ። ደብተር ርካሽና ቀላል ነው፤ ነገር ግን በጎጆ ጭስና በክረምት እርጥበት እንደ ብራና ዘመናትን አይሻገርም። ልዩነቱን የሸፈነው አሮጌው ልማድ ነው፦ ደብተሩ ሲያረጅ ተማሪው እንደገና ይገለብጣል።

ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያ መጻሕፍት በማይክሮፊልም መነሣት ጀመሩ። ሥራው አዲስ አበባን በአሜሪካ ሚኒሶታ ከሚገኘው ከሂል ቤተ መጻሕፍት ጋር ያገናኘ ሲሆን በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች ምስል ተቀመጠ፤ የብዙዎቹን ዝርዝር ያዘጋጁትም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በዚያው ዘመን የቴፕ መቅረጫ ወደ ዜማ ቤቶች ገባ። ማይክሮፊልም ገጹን፣ ካሴት ድምፁን ያዘ። ከአዛዥ ጌራ ዘመን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የመምህሩ ድምፅ ራሱ ከመምህሩ ተለይቶ ሊቀመጥ ቻለ።

አሁን የካሴቱን ቦታ ስልክ ወስዷል። የጽሑፉ ጎን ግን ሌላ ታሪክ አለው። ዓለም አቀፉ የፊደል ኮድ ሥርዓት ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. አካተተ፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ 10 የዜማ ምልክቶችን ጨመረ፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ አጭር ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ደረት ሂደትና ቁርጥ። ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጣው ምልክት በማንኛውም ኮምፒውተር ሊወከል መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ምልክቶቹ በኮዱ ውስጥ ራሳቸውን ችለው ከፊደል ቀጥሎ የሚቆሙ እንጂ በፊደሉ ራስ ላይ የሚያርፉ አይደሉም፤ ከቃሉ በላይ በደቃቅ የሚጻፉት የፊደል ምልክቶችም በተራ ጽሑፍ ቦታቸውን ሊይዙ አይችሉም። ድጓን በስልክ የማስታወሻ መተግበሪያ ላይ እንደ ተራ ጽሑፍ የሚጽፍ ተማሪ ቃሉን ያገኛል፤ የዜማውን መንገድ ግን ያጣል። ስለዚህ በስልክ የሚያዘው ድጓ በአብዛኛው የገጹ ፎቶና የተቀዳ ድምፅ ነው።

ለዓመታት የተጻፈበትን መያዣ መተው ወይስ አለመተው የሚለው ጥያቄ ዛሬ ከዜማ ቤት ውጭም ይነሣል። በ2008 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበው ኤቨርኖት የተባለው የማስታወሻ መተግበሪያ ለብዙ ዓመታት የሚሊዮኖች መዝገብ ነበር። በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ቤንዲንግ ስፑንስ የተባለ የጣሊያን ኩባንያ ሊገዛው መሆኑ ተነገረ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ያለ ክፍያ የሚጠቀሙ ሰዎች ከ50 በላይ ማስታወሻ መጨመር አይችሉም ተባለ። ብዙዎች ለመልቀቅ ሲነሡ ጽሑፉን ማውጣት እንደሚቻል፣ በማስታወሻዎቹ መካከል የተዘረጉት ማያያዣዎች ግን ከአሮጌው መተግበሪያ ውጭ ብዙ ጊዜ እንደማይሠሩ አዩ። ቃሉ ይሻገራል፤ ከቃሉ በላይ የተጻፈው ይቀራል። ምልክት ያጣ ድጓም የሚጎድለው ይኸው ነው።

የጋይንት ዜማ ቤቶች በዘመናት ውስጥ መያዣ ሲለውጡ ሦስት ነገሮችን ጠብቀዋል። አዲሱ መያዣ ቃሉን ከነምልክቱ እንዲቀበል አድርገዋል፤ ኅትመቱ የቁም ጸሐፊን እጅ እንዳለ የያዘው ለዚህ ነው። መዝገቡ በአንድ ቦታ ሳይታሰር በብዙ ተማሪዎች እጅ እንዲገለበጥ አድርገዋል። ሦስተኛውና ዋናው፣ የተጻፈውን ሁሉ በሕያው መምህር ፊት አዚሞ የማረጋገጥ ሥርዓትን አልተዉም። ብራናው ደብተር፣ ካሴቱ ስልክ ቢሆንም ድጓ የዘለቀ ተማሪ ዛሬም ለምስክርነት የሚሄደው ወደ ቤተልሔም ነው፤ በዚያም መምህሩ በጆሯቸው ሰምተው ይመሰክሩለታል።