የደለል ስሌትና የመሬት ታሪክ፦ ከአንጀኒ እስከ ቆጋ



የዛሬው ርእሴ ከታሪክ ሰው ይልቅ ለመሐንዲስ የሚቀርብ ይመስላል። ግድብ ለመሥራት የሚያስብ መሐንዲስ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ግድቡ ምን ያህል ውኃ ይይዛል? በዓመት ምን ያህል ይገባበታል? የተፋሰሱ ስፋት፣ ቁልቁለት፣ አፈርና የመሬት ሽፋን ምን ይመስላል? ከመልሶቹ ተነሥቶ ግድቡ በስንት ዓመት በደለል እንደሚሞላ ያሰላል። እኔ ላስረዳ የምሻው እነዚህ «አካላዊ ባሕርያት» የሚባሉት ነገሮች ከፊላቸው ተፈጥሮ፣ ከፊላቸው ደግሞ ታሪክ መሆናቸውን ነው። ለዚህም ምዕራብ ጎጃም በቂ ምስክር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሌቶቹ ራሳቸው ታሪክ አላቸው። በ1953 ብሩን የተባለው አሜሪካዊ ባለሙያ የግድብ መጠን ከዓመታዊ ገቢ ውኃ ጋር ያለውን ንጽጽር ይዞ፣ ግድብ ከሚገባው ደለል ምን ያህሉን እንደሚያስቀር የሚያሳይ መስመር አወጣ። ዊሽማየርና ስሚዝም የአፈር መሸርሸርን ከዝናብ፣ ከአፈር፣ ከቁልቁለት፣ ከሰብልና ከጥበቃ ሥራ ጋር የሚያያይዝ ቀመር አዘጋጁ። ሁለቱም በዋናነት የተገነቡት በአሜሪካ ግድቦችና ማሳዎች መረጃ ነበር። ከ1958 እስከ 1963 የአሜሪካ የመሬት ማልማት ቢሮ ባለሙያዎች ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የዓባይን ተፋሰስ ሲያጠኑ፣ የብር ወንዝን ሸለቆ ጭምር ለመስኖ አጭተውት ነበር። ነገር ግን በዚያ ዘመን የወንዝ መለኪያ ጣቢያዎች በአብዛኛው ገና በመተከል ላይ ነበሩ። በጎጃም ዳገት ላይ በበሬ የሚታረስ ማሳ በአንድ ክረምት ምን ያህል አፈር እንደሚያጣ በዓመታት ልኬት ለመናገር የሚያስችል መዝገብ ቀርቶ፣ መለኪያውም አልነበረም።

ይህ ክፍተት መሞላት የጀመረው በ1981 የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራምን ሲያቋቁሙ ነው። በሐንስ ሁርኒ መሪነት በልዩ ልዩ ሥነ ምኅዳሮች ከተተከሉት ጣቢያዎች አንዱ አንጀኒ ነው። ቦታው ከደምበጫ ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል፤ ስፋቱ 113 ሄክታር ያህል ነው። ልኬቱ በ1984 ተጀመረ። በ1986 ደግሞ ፋኛ ጁ የሚባለው እርከን በተፋሰሱ ላይ ተሠራ፤ ይኸውም ቦይ ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ላይኛው ጎን የሚጣልበት ነው። እርከኑ ከላይ የሚወርደውን አፈር እያስቀረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማሳውን ወደ መደብነት ለወጠው። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ቁልቁለት በቀመሩ ውስጥ ከማይለወጡት የተፈጥሮ ባሕርያት አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል። በአንጀኒ ግን የማሳው ቁልቁለትና ርዝመት በገበሬው ክንድ ተለውጧል።

ከአንጀኒ መዝገብ የምንማረው ሌላም ነገር አለ። ክረምቱ ሲገባ ወንዙ በደለል እጅግ ይደፈርሳል፤ ወደ ነሐሴ መጨረሻ ግን ውኃው ብዙ ሆኖ ሳለ ደለሉ ይቀንሳል። ስለዚህ የውኃውን መጠን ብቻ አይቶ ደለሉን የሚተምን አንድ ቀመር ወይ መጀመሪያውን ያሳንሳል፣ ወይ መጨረሻውን ያጋንናል። ምክንያቱን ገበሬው ያውቀዋል። ጤፍ የላመ መሬት ይወዳል፤ ማሳው ደጋግሞ ታርሶ ዝናቡ በሚበረታበት ሰዓት ራቁቱን ይገኛል። ጎርፍ እንዳይወስደው ብሎ ገበሬው በማሳው ላይ አግድም የሚያወጣው ፈሰስ ደግሞ ውኃውን ሰብስቦ በማሳው ጠርዝ ቦረቦር ሊከፍት ይችላል። ቡቃያው መሬቱን ሲሸፍነው መሸርሸሩ ይበርዳል። ታዲያ «የመሬት ሽፋን» የምንለው አኃዝ የእርሻ ልማድና የአመጋገብ ታሪክ ድምር ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ መራዊ፣ ወደ ቆጋ እንሂድ። የቆጋ ግድብ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ እንዲይዝ፣ 7,000 ሄክታር መሬትም እንዲያጠጣ ታስቦ የተሠራ ነው። ከግድቡ በላይ ያለው ተፋሰስ ከ160 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ለማስረዳት ያህል ብቻ፣ ከዓመቱ ዝናብ ግማሽ ሜትር የሚሆነው ወደ ግድቡ ይፈስሳል ብለን እንገምት። ገቢው 80 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ይህም ከግድቡ መጠን ጋር የሚቀራረብ ነው። በብሩን መስመር መሠረት እንዲህ ያለ ግድብ ከሚገባበት ደለል ከ95 በመቶ በላይ ያስቀራል። ስለዚህ የግድቡን ዕድሜ የሚወስነው ከላይ ያለው ማሳ ነው።

ከላይ ያለው ገበሬ ግን በቦይ ከሚወርደው ውኃ ተጠቃሚ አይደለም። እርከን መሬቱን ያጠብበታል፤ ድካሙም የእሱ ነው። ጥቅሙን የሚያጭደው ከታች ያለው ነው። በብርና በተምጫ ለሚወርደው አፈርም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ መድረሻው ዓባይ ነው። በሱዳን በ1966 ሥራ የጀመረው የሮሴሪስ ግድብ ከመጀመሪያ መጠኑ ከፊሉን በደለል አጥቷል፤ ዛሬ ደግሞ ከእሱ በላይ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ቆሟል።

ውድ ተማሪዎች፤ ስለ ፍኖተ ሰላም፣ ስለ ቡሬና ስለ ደምበጫ ገጠር ጥናት ስትጽፉ በሠንጠረዣችሁ ላይ ስፋትን፣ ቁልቁለትንና መጠንን መዝግቡ። ከጎናቸው ግን መሬቱ መቼ እንደታረሰ፣ መቼ እንደተሸነሸነ፣ እርከኑን ማን እንደሠራውና ማን እንደሚጠግነው ጻፉ። ይህ ዓምድ ባዶ ከቀረ ስሌቱ የዛሬውን መሬት ለዘለዓለም የጸና አድርጎ ይወስደዋል። መሬቱ ግን ትናንት እንዲህ አልነበረም፤ ነገም እንዲህ አይሆንም።